ጎመን በጤና፦ ብሮኮሊ ከሲሲሊ ጓሮ እስከ አሜሪካኖች የበጋ ማዕድ

«ጎመን በጤና» ይላል ያገራችን ሰው። ሥጋውም ቅቤውም ቢቀር፣ ጤና እስካለ ድረስ ጎመን ይበቃል ማለቱ ነው። በዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት ስለ ዩኒየናችን ጉዞ፣ ስለ መጋዘኖቻችንና ስለ ትርፍ ክፍፍላችን የሚነገረው ብዙ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ለጥቂት ገጾች ወጣ ብሎ የአንድ ጎመን ታሪክ ያወራል። ጎመኑ ብሮኮሊ ይባላል። በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎችና ሱፐር ማርኬቶች የሚያውቀው ያውቀዋል፤ በወረዳ ገበያ ግን እስካሁን እንግዳ ነው። ታሪኩን ያነሣነው አትክልቱ ብርቅ ስለሆነ አይደለም። ቶሎ የሚበላሽ ምርት እንዴት ገበያ እንደሚያገኝ፣ ሲያገኝም ኪሣራው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ከዚህ ተክል ታሪክ በላይ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ጥቂት ነው።

ነገሩን ከማዕዱ እንጀምር። የአሜሪካኖች በጋ የእኛ ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ እኛ በጭቃና በአረም ላይ ሳለን፣ እነሱ ሣር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ከሰል አቀጣጥለው፣ ሥጋ እየጠበሱ ጎረቤትና ዘመድ ይጋብዛሉ። ከሥጋው ጎን ከሚደረደሩት ሳህኖች አንዱ የብሮኮሊ ሰላጣ ነው። ጥሬ ብሮኮሊ ተሰነጣጥቆ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ዘቢብ፣ የሱፍ ፍሬና የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ተጨምሮበት፣ በማዮኔዝ፣ በስኳርና በኮምጣጤ ይለወሳል። ዛሬ ማንም «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የማይጠይቀው ተራ ምግብ ነው። ሆኖም የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ አብዛኛው አሜሪካዊ ብሮኮሊ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር።

ዘመድነቱ ከእኛ ጎመን ጋር

ብሮኮሊ እንግዳ ይመስላል እንጂ ቤተሰቡ እንግዳ አይደለም። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊ የእጽዋት ሊቃውንት ብራሲካ ኦሌራሲያ የሚሉት የአንድ ዝርያ ልጆች ናቸው። ለውጡን ያመጣው ገበሬ ነው። አንዱ አካባቢ ቅጠሉ የሚጠቀለለውን እየመረጠ ዘር አስቀረ፤ ሌላው አካባቢ ደግሞ እምቡጡ የበዛውንና የወፈረውን መረጠ። በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ከአንድ የባሕር ዳርቻ የዱር ጎመን እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ አትክልቶች ወጡ። ከብሮኮሊ የሚበላው ገና ያልፈነዳው የአበባ እምቡጥና ለስላሳው ግንድ ነው። እምቡጡ ከፈነዳ ቢጫ አበባ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ገበያው አበቃ ማለት ነው።

የሐበሻ ጎመንስ? እ.ኤ.አ. በ1935 በጃፓን ይሠራ የነበረ ናጋሃሩ ኡ የተባለ ተመራማሪ የጎመንን ቤተሰብ የዘር ሐረግ በሦስት ማዕዘን ሥዕል አስቀመጠው። በሦስቱ ማዕዘኖች ላይ ሦስት ወላጆች አሉ፤ እነሱ ሁለት ሁለት ሆነው በመዳቀል ሌሎች ሦስት ዝርያዎችን አስገኝተዋል። ከድቅሎቹ አንዱ በእኛ አገር ጎመን ዘር የምንለው፣ በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ የሚባለው ነው። የአንድ ወገን ወላጁ ሰናፍጭ ሲሆን የሌላው ወገን ወላጁ የጥቅል ጎመንና የብሮኮሊ ዝርያ ነው። ስለዚህ እናቶቻችን ቅጠሉን ለወጥ የሚቀነጥሱት፣ ፍሬውን ፈጭተው ምጣድ የሚያስሱበት ተክል ለብሮኮሊ የቅርብ ሥጋ ዘመድ ነው። ይህን የሰናፍጭ ዝምድና አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ሰላጣው ስንደርስ ይጠቅመናል።

ከሮማ እስከ ቨርጂኒያ

በጣሊያን አገር ቀንበጡ የሚበላ ጎመን ጥንታዊ ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ የሞተው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ ጎመን ዓይነቶች ሲዘረዝር ስለ ቀንበጡም ጽፏል። በዘመኑ በሆዱ ወዳድነት የታወቀው አፒሲየስ ቀንበጡን ይንቅ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ ልጅ ድሩሰስም የእሱን አርአያ ተከትሎ አልበላም ሲል አባቱ ገሥጾታል። ዛሬ በየቦታው የሚወራው ግን ተገላብጦ ነው፤ ድሩሰስ ብሮኮሊ አብዝቶ በልቶ ታመመ ይባላል። ፕሊኒ እንዲህ አላለም። ያ ቀንበጥ ልክ የዛሬው ብሮኮሊ ነበር ብሎ መማልም አይቻልም፤ የቅርብ አያቱ ነው ማለቱ ይበቃል። ስሙ ራሱ ጣሊያንኛ ሆኖ ቀንበጥ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ደቡብ ጣሊያንና ሲሲሊ የተክሉ አገር ሆነው ቆዩ።

ወደ ሰሜን ሲሻገር ስም እንኳ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1724 እንግሊዛዊው የአትክልት ሊቅ ፊሊፕ ሚለር በመዝገበ ቃላቱ ሲያስገባው «የጣሊያን አስፓራገስ» ብሎ ጠራው። በኋላ ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1767 በቨርጂኒያ ብሮኮሊ መዝራቱን በአትክልት ማስታወሻው ጽፎ ይገኛል። ዘሩ እንግዲህ አሜሪካ ከገባ ቆይቷል። ይሁንና ከዚያ በኋላ 150 ዓመት ያህል የባለጸጎች ጓሮ ጌጥና የጣሊያን ስደተኞች የቤት ምግብ ሆኖ ቀረ። ዘር ስላለ ብቻ ገበያ አይኖርም።

ችግሩ የተክሉ ጠባይ ነው። ብሮኮሊ ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል፤ አተነፋፈሱም ከብዙ አትክልት የበለጠ ፈጣን ነው። በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱ በተጠበቀ ቦታ ከተቀመጠ ከ21 እስከ 28 ቀን ይቆያል። በ5 ዲግሪ ወደ 14 ቀን ይወርዳል። በ10 ዲግሪ 5 ቀን ገደማ ነው። ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት፣ በተለይም ከበሰለ ሙዝ ወይም ቲማቲም ጋር በአንድ ላይ ከተጫነ፣ ፍራፍሬው ከሚያወጣው ጋዝ የተነሣ ፈጥኖ ቢጫ ይሆናል። ቲማቲም በሣጥን ጭኖ ከሜዳ ወደ ከተማ የላከ አባል ሁሉ ይህን ሒሳብ በራሱ ኪስ ያውቀዋል፤ ብሮኮሊ ከቲማቲምም ይብሳል።

በረዶ የጫነው ባቡር

ነገሩን የለወጡት ከሲሲሊ፣ ከመሲና የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ስቴፋኖና አንድሪያ ዳሪጎ ይባላሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ተሰልፈዋል፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቦስተን ላይ የንግድ ድርጅት አቋቋሙ። ስቴፋኖ ወደ ካሊፎርኒያ ወርዶ የሳን ሆዜን ሸለቆ ሲያይ አየሩና አፈሩ የተወለደበትን አገር መሰለው። ከሲሲሊ ዘር መጣ፤ ተዘራ፤ በቀለም። ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ምርቱን የሚያውቁት በላተኞች የሚገኙበት ቦታ ነበር። የብሮኮሊን ጣዕም የሚያውቀው የጣሊያን ስደተኛ የሚኖረው በቦስተንና በኒው ዮርክ ሲሆን ማሳው ያለው በአህጉሩ ሌላ ጫፍ፣ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። መፍትሔው በረዶ ሆነ። ብሮኮሊው እንደተቆረጠ በሣጥን ውስጥ በተከሰከሰ በረዶ ተሸፍኖ፣ ግድግዳው ሙቀት እንዳያስገባ ተደርጎ በተሠራ የባቡር ፉርጎ ይጫናል። በፉርጎው ሁለት ጫፍ የበረዶ ማስቀመጫ አለ፤ በረዶው እየቀለጠ ሲሄድ ባቡሩ በየጣቢያው እየቆመ እንደገና ይሞላል። ይህን ሥራ ለራሱ ኩባንያ ያቋቋሙለት የምዕራቡ ባቡር ድርጅቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተው ፓሲፊክ ፍሩት ኤክስፕረስ በካሊፎርኒያ ሮዝቪል ከተማ የነበረው የበረዶ ፋብሪካ በዓለም ከታወቁት ትልልቆቹ አንዱ ነበር። ልብ በሉ፦ ዳሪጎዎች ብሮኮሊ ይዘው ሲመጡ ባቡሩም፣ ፉርጎውም፣ በረዶውም በሌሎች ምርቶች ምክንያት አስቀድሞ ተዘርግቶ ነበር።

ከነዚያ ሌሎች ምርቶች ዋነኛው ብርቱካን ነው፤ ብርቱካኑ ደግሞ የኅብረት ሥራ ታሪክ አለው። የደቡብ ካሊፎርኒያ ብርቱካን አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1893 ተሰባስበው የራሳቸውን የሽያጭ ማኅበር መሠረቱ። እስከዚያ ድረስ ነጋዴ ምርቱን ወስዶ፣ ሲሸጥ የሚከፍል፣ ሳይሸጥ ሲቀር ለመጓጓዣው ወጪ ገበሬውን የሚያስከፍል ነበር። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1908 «ሰንኪስት» የሚል የንግድ ምልክት አወጣ። ፍሬው በደረጃ ተለይቶ፣ ምልክት ተደርጎበት፣ የትኛው ከተማ ስንት ፉርጎ እንደሚላክ ከአንድ ቢሮ እየተወሰነ መሄድ ጀመረ። መንግሥትም በሕግ ደገፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው ካፐር ቮልስቴድ የተባለው አዋጅ ገበሬዎች በኅብረት መሸጣቸው እንደ ሕገ ወጥ የገበያ ሽርክና እንዳይቆጠርባቸው አደረገ። የእኛን አገር አዋጅ ቁጥር 147/1991ን፣ በኋላም የተካውን አዋጅ ቁጥር 985/2009ን ለሚያውቁ የኅብረት ሥራ ባለሙያዎች የነገሩ መንፈስ አዲስ አይሆንም።

የዳሪጎ ድርጅት ግን የቤተሰብ ኩባንያ እንጂ ማኅበር አልነበረም፤ ይህን ማደባለቅ አይገባም። ከብርቱካኖቹ የወሰደው ዘዴውን ነው። በየእስሩ ላይ የቤተሰቡ ትንሽ ልጅ ፎቶግራፍ ያለበት፣ «አንዲ ቦይ» የሚል ምልክት ለጠፈ። ያኔ አትክልት ስም የለሽ ሸቀጥ ነበር፤ ሳሙናና ብስኩት እንጂ ጎመን ምልክት ይኖረዋል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። ምልክቱ ለገዢዋ የሚናገረው ነገር ግልጽ ነው፤ ትላንት ገዝተሽ ጥሩ ሆኖ ካገኘሽው ዛሬም ያው ነው ይላታል። ቃሉን ለመጠበቅ ደግሞ የደከመውን እምቡጥ ከሣጥኑ ማውጣት ግድ ይላል። ማኅበራት ውስጥ ስለ ጥራት ሲነሣ ሁልጊዜ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ የጎረቤትን ምርት «ይህ አያልፍም» ማለት።

ለብሮኮሊ እንግድነት ጥሩ ምስክር የሚሆነው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1928 ኒው ዮርከር በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ የቀልድ ሥዕል ነው። እናት ለልጇ ያቀረበችው ብሮኮሊ መሆኑን ትነግራታለች፤ ልጅቷ ግን ስፒናች ነው ብላ አሻፈረኝ ትላለች። የኒው ዮርክ አንባቢ የሳቀው እሱም ራሱ ሁለቱን ስለማይለይ ነበር። ከዚያ በኋላም እድገቱ አዝጋሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ አሜሪካዊ በዓመት የሚደርሰው ትኩስ ብሮኮሊ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በ2000 ከ2 ኪሎ በላይ ሆኗል። የበጋው ሰላጣ ተራ ምግብ የሆነው በዚህ መካከል፣ ጥሬ አትክልት መብላት ፋሽን በሆነበት ዘመን ነው።

አራቱ ጥዶች

ፍላጎቱ ሲያድግ ካሊፎርኒያ ብቻዋን አልበቃችም። የክረምቱንና የበረዶ ቤቱን ብሮኮሊ የሚያመርቱ ሌሎች ተፈለጉ። ከነዚህ አንዷ መካከለኛው አሜሪካ ያለችው ጓቲማላ ናት። ለእኛ ገበሬ ከካሊፎርኒያ ይልቅ ይህችኛዋ ትቀርባለች። የማያ ሕዝብ የሚኖርበት ደጋማው ክፍል በብዙ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ መሬቱ ተዳፋት፣ ማሳው ትንንሽ፣ የቤት እህሉ በቆሎና ቦሎቄ ነው።

እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 1976 ጓቲማላን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፤ 23,000 ያህል ሰው ሞተ። ሳንቲያጎ ሳካቴፔኬስ በምትባል ወረዳ ከስዊስ እርዳታ ጋር የተጀመረው የመልሶ ግንባታ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተለወጠ። ስሙን ኳትሮ ፒኖስ አሉት፤ አራት ጥዶች ማለት ነው። ማኅበሩ ለአባላቱ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያቀርባል፤ ባለሙያ ማሳ ድረስ ይልካል፤ ምርቱን ተቀብሎ፣ ለይቶ፣ አቀዝቅዞ ወደ ውጭ ይሸጣል። ዋናው ምርታቸው ከእነ ቆዳው የሚበላ አተር ሲሆን ብሮኮሊና አበባ ጎመንም በአካባቢው ተስፋፉ።

ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ይህን ማኅበር አጥንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1989 አወጣ። ብዙ ሰው የፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ገበሬው ለውጭ ገበያ አትክልት ሲዘራ በቆሎው ይቀራል፣ ቤቱ ይራባል የሚል። ጥናቱ ያገኘው ሌላ ነው። የአባላቱ ገቢ አድጓል። በቆሎና ቦሎቄ መዝራታቸውንም አልተዉም፤ እንዲያውም ከሌሎቹ የተሻለ ምርት በሔክታር ያገኙ ነበር፤ ምክንያቱም ማዳበሪያውና ምክሩ ለሁለቱም ይተርፋል። በአንጻሩ የሥራው ጫና በቤተሰቡ ሁሉ ላይ ጨምሯል፤ አትክልት እንደ እህል ዘርተው የሚተዉት አይደለም።

እዚህ ላይ ብናበቃ ታሪኩ ያማረ ይሆን ነበር። እውነቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤድዋርድ ፊሸርና ፒተር ቤንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን ርዕሱ «ብሮኮሊና ምኞት» ማለት የሆነ መጽሐፍ አሳተሙ። በአንድ በኩል በቴክፓን ከተማ ዙሪያ ብሮኮሊ የሚያመርቱትን የማያ ገበሬዎች፣ በሌላ በኩል በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ብሮኮሊ የሚገዙትን ሰዎች አነጋግረዋል። የናሽቪሏ ገዢ የምትፈልገው ለቤተሰቧ ጤና ነው። የቴክፓኑ ገበሬ የሚፈልገው በራሱ መሬት፣ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ፣ ሌላ አገር ለጉልበት ሥራ ሳይሰደድ ኑሮውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም። በመካከላቸው ደላላው፣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካው፣ አስመጪውና ሱፐር ማርኬቱ አሉ። ዋጋ ሲወርድ ወይም ምርቱ ትል ተገኘበት ተብሎ ሲመለስ ኪሣራው ከሁሉ በታች ወዳለው ወደ ገበሬው ይንከባለላል። ገዢዋ በሱፐር ማርኬት የምታየው ዋጋ ግን ብዙም አይነቃነቅም።

የሳንቲያጎና የቴክፓን ልዩነት ዘሩ ላይ አይደለም፤ አየሩም አንድ ነው። ብቻውን የሚሸጥ ገበሬ የቆረጠው ብሮኮሊ በእጁ እየቢጨ ሳለ ዋጋ መከራከር አይችልም፤ ሰዓቱ ለገዢው ይሠራል። መለያ ቦታ፣ ማቀዝቀዣና የራሱ መኪና ያለው ማኅበር ግን ሁለትና ሦስት ቀን መጠበቅ ይችላል። የዋጋ ድርድር ማለት በተግባር እነዚያ ሁለት ሦስት ቀናት ናቸው። ማኅበር መሆን ብቻውንም ዋስትና አይሆንም፤ የውጭ ገበያ ዋጋ ሲወድቅ ማኅበርም ይወድቃል፤ ብድሩን ያልመለሰ አባል ሲበዛም እንዲሁ። እኛ አገር ባለው ደጋ ብሮኮሊ እንደሚበቅል የታወቀ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል፤ ችግኙ ከተተከለ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ የወረዳ ባለሙያ «አዲስ ሰብል እናስተዋውቅ» ብሎ ዘር ይዞ ሲመጣ ከአባላት የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ በረዶው የት አለ የሚለው ቢሆን የተገባ ነው።

ፕሬዚዳንቱና ሳይንቲስቶቹ

በአሜሪካ ብሮኮሊ በወሬ የገነነው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1990 ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አባትየው ብሮኮሊ እንደማይወዱ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ እናታቸው ያበሏቸው እንደነበርና አሁን ፕሬዚዳንት ስለሆኑ እንደማይበሉ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። የካሊፎርኒያ አምራቾች አልተጣሉም፤ 10 ቶን ብሮኮሊ ጭነው ወደ ዋሽንግተን ላኩላቸው። ባለቤታቸው ባርባራ ቡሽ ወጥተው ተቀበሉ፤ ጭነቱም ለችግረኞች ተሰጠ። በገንዘብ ቢገዛ ስንት ሚሊዮን የሚያወጣ ማስታወቂያ በ10 ቶን ጎመን ተገኘ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የፖል ታላላይ ቡድን ከብሮኮሊ ውስጥ ሰልፎራፌን የሚባል ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ንጥረ ነገሩ ሰውነት መርዛማ ነገሮችን የሚያስወግድባቸውን ኤንዛይሞች የሚያነቃቃ ሆኖ ተገኘ። ወሬው በጋዜጦች የፊት ገጽ ወጣ፤ ሽያጩም ጨመረ። ብሮኮሊ ካንሰር ያድናል ብሎ የሚያወራ ካለ ግን ሳይንሱ ካለው በላይ እየተናገረ ነው። ያለ ጥርጥር የሚታወቀው የምግብ ይዘቱ ነው። 100 ግራም ጥሬ ብሮኮሊ 34 ካሎሪ ብቻ ሲኖረው 89 ሚሊግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ይሰጣል፤ ይህም ለአንድ አዋቂ የቀኑን ፍላጎት ሊያሟላ ይቀርባል። አሰር፣ ፎሌትና ቫይታሚን ኬም አለው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች በቫይታሚን ኬው ምክንያት አበላላቸውን በድንገት ከመለወጣቸው በፊት ሐኪማቸውን ቢያማክሩ ይሻላል።

ሰልፎራፌን በተክሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም። ሲቆረጥ ወይም ሲታኘክ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ፤ አንዱ ኤንዛይም ነው፤ ያን ጊዜ ይፈጠራል። ሰናፍጭ ውኃ ሲነካው አፍንጫ የሚሰነፍጠው በዚሁ ዓይነት አሠራር ነው፤ ዘመድነታቸው እዚህም ይታያል። ብሮኮሊ ብዙ ከተቀቀለ ኤንዛይሙ ይሞታል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት በበሰለ ብሮኮሊ ላይ የሰናፍጭ ዘር ዱቄት ቢጨመር የሰናፍጩ ኤንዛይም የሞተውን ይተካል።

ጤናማው ሰላጣ

እንግዲህ የአሜሪካኖቹ የበጋ ሰላጣ ጉድለቱ ብሮኮሊው ላይ ሳይሆን የሚለወስበት ነገር ላይ ነው። ማዮኔዝ አብዛኛው ዘይት ነው፤ 100 ግራሙ 680 ካሎሪ ያህል አለው። ያን ያህል እርጎ ከ61 ካሎሪ ብዙም አይርቅም። ስኳሩና የአሳማ ሥጋው ሲጨመር ጎመኑ ስሙ ብቻ ይቀራል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየፓርኩ ሲሰባሰቡ ይህን ሰላጣ ማግኘታቸው ስለማይቀር፣ እኛም ብሮኮሊ ከእጃችን ከገባ፣ እንዲህ ቢሠራ ይበጃል።

ለስድስት ሰው ሁለት መካከለኛ ብሮኮሊ፣ ወደ 700 ግራም የሚሆን ይበቃል። እምቡጡ የጠበቀና ጥቁር አረንጓዴ ይሁን፤ ቢጫ የጀመረው ለሰላጣ አይሆንም። በእምቡጡ መካከል ትንንሽ ትልና ክሽክሽ ስለሚደበቅ ጨው በገባበት ቀዝቃዛ ውኃ ለአሥር ደቂቃ ያህል ዘፍዝፎ፣ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ከዚያ እንደ አውራ ጣት ጫፍ አድርጎ መሰነጣጠቅ። ጥሬውን የማይወድ ሰው በሚፈላ ውኃ አንድ ደቂቃ ብቻ ነክሮ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይክተተው፤ ቀለሙ ይደምቃል፣ ሲበሉትም እንደ ጥሬው ይንኮሻኮሻል። ውኃው በደንብ ይጠፍ፤ ካልጠፈፈ ማባያው ይቀጥናል።

ማባያው አንድ ብርጭቆ ወፈር ያለ እርጎ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ ጥቂት ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት የተረጋ እርጎ ቢሆን ይመረጣል። በጾም ወቅት እርጎው ይቅርና ዘይቱን ሦስት ማንኪያ አድርጎ፣ ታምሶና ተወቅጦ በውኃ የተበጠበጠ ሱፍ መጨመር ነው፤ ከማዮኔዙ የሚያንስ ጣዕም የለውም። በዚህ ላይ በስሱ የተከተፈ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ የተፋቀ ካሮት፣ አንድ እፍኝ ዘቢብና አንድ እፍኝ የታመሰ ኦቾሎኒ ይገባል። ጣፋጩ ከዘቢቡ ስለሚመጣ ስኳር አያስፈልግም። ኦቾሎኒው ሊቀርብ ሲል ቢጨመር አይለሰልስም። ለውሶ ግማሽ ሰዓት ቢያርፍ ጣዕሙ ይዋሐዳል።

በግብዣ ቀን ጥላ ሥር ይቀመጥ። እርጎም ይሁን ማዮኔዝ የገባበት ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ አንድ ሰዓት ነው ልኩ። የተረፈውን ግንድ አትጣሉት፤ ጠንካራ ቆዳው ተልጦ ውስጡ ቀጠን ተደርጎ ቢቆረጥ ከእምቡጡ ይልቅ ይጣፍጣል። ቅጠሉም እንደ ጎመን ተቀንጥሶ፣ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ተጠብሶ በእንጀራ ይበላል።